ግማሽ ዙር

አባቴ ፋርጣ ውስጥ ከአፈሩ ድንጋዩ የሚበዛ መሬት ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነበር። ጠዋት በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት የማይዘነጋት አንዲት ሥራ ነበረችው። ቁጢጥ ይልና ወገሉን በእጁ ይነቀንቃል። ማረሻውን አቅፎ የሚይዘው ያ የብረት ቀለበት ላልቶ ካገኘው በድንጋይ መታ መታ አድርጎ ያጠብቀዋል፤ እንቢ ካለውም ቀጭን ሽብልቅ ይጠርብለታል። ጎረቤቶቹ ሦስት ትልም ሲያወጡ እሱ ገና ወገል ይነካካል። «በሬ ምን ብርቱ ቢሆን ወገሉ ከላላ ትልሙ አይቀናም» ይለን ነበር።

ይህን ቃል እየሰማሁ አድጌ በ2006 ዓ.ም. ክረምት የእህቴን ልጅ ዕድል ወገሉ በላላ ማረሻ አሳረስኩት። ዓመታት አልፈዋል። ቁጭቱ ግን አላለፈም፤ ልጁን ባየሁት ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

እኔ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሞባይል እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ከገጠር መጥቶ እኔ ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር፤ ያኔ ዕድሜው 14 ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው በሽቦ መኪናው ነበር። በእኛ አገር የሽቦ መኪና ሳይነዳ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። ጎማው ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ጫማ ሶል የተቆረጠ፣ አካሉ ሽቦ፣ እስከ ደረት የሚደርስ ረጅም ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ክብ መሪ። የሌሎቹ ልጆች መኪና ሊታጠፍ ሲል ዘንጉ ራሱ ይጠመዘዝና ጎማው ዘግይቶ ይከተላል። የእሱ ግን እጁ ሲዞር ጎማውም አብሮ ይዞራል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳየው ምስጢሩ ገባኝ። ዘንጉን ሁለት ሽቦ ገምዶ ነው የሠራው፤ መገናኛው ላይ ደግሞ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ ጠቅልሎ በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ማንም አላስተማረውም። «ለምን ገመድከው?» ስለው፣ «ሲላላ ጎማው አይሰማኝም» አለኝ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከውጭ የመጣ ዘመዳችን በሪሞት የሚነዳ አንድ መኪና ትቶልን ሄደ። ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ፣ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚሆን፣ አራቱም ጎማው የሚገፋ ነው። የዘመዳችን ልጆች ጠግበውት ባትሪውም ሞቶ ነበር። እኔ ባትሪ ፈልጌ አስነሳሁት። ልጁ ላዩን አውልቆ በምትኩ ከዘይት ጀሪካን የቆረጠውን ሣጥን አሰረበት። እናቴ፣ የእሱ አያት፣ ቤቷ ከዋናው መንገድ በላይ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ ጉልበቷን ስለምትታመም ክረምት ሲገባ ወርዳ መውጣት አትችልም። የልጁ ሐሳብ እዚያ ላይ ነበር። «ስኳሯንና መድኃኒቷን ከመንገድ ላይ ጭኜ ብልክላትስ?»

ሐምሌ ላይ ዕድሉ በራችንን አንኳኳ። ከሌላ ከተማ የመጡ መምህራን ለአካባቢው ተማሪዎች የተግባር ፈተና አዘጋጅተው ነበር። ልጆቹ በእጃቸው የሠሩትን ወይም ያሻሻሉትን ነገር ይዘው ይቀርባሉ፤ ከመካከላቸው 6 ይመረጣሉ፤ የተመረጡት በየክረምቱ ኤሌክትሮኒክስና መካኒክ ይማራሉ፣ ወጪያቸውም ይሸፈናል። የገጠር ልጆች ናቸውና እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታቸው አንዴ ይመጣል። የእኛም መጣ።

ፈተናው 3 ሳምንት ሲቀረው ልጁ መኪናውን አቅፎ ወደ ሱቄ ገባ። ፊቱ ላይ ጭቃ አለ።

«ጋሼ፣ መሪው ይለግማል።»

«እንዴት ነው የሚለግመው?»

«ከፍ አድርጌ ስይዘው የፊት ጎማዎቹ እስከ ጥግ ይዞራሉ። መሬት ሳስነካው ግማሽ ሄደው ይቆማሉ። ድንጋይ ሲነካቸው ደግሞ ተመልሰው ቀጥ ይላሉ። ትንሿ ሞተር ሥራዋን ትሠራለች፤ ድምፅዋ ይሰማኛል። ከእሷና ከጎማው መሐል የላላ ነገር አለ። ትንሿን ካቻቢቴ ስጠኝና ልየው።»

ዛሬ ይህን ንግግር ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ምርመራውን ጨርሶታል። እኔ 20 ዓመት የሠራሁበት ሙያ ከዚያ የተሻለ ምርመራ አያውቅም። በአየር ላይ የሚዞር፣ መሬት ላይ የሚለግም፣ ሞተሩ የሚሰማ፣ ጎማው የማይሰማ ከሆነ በሽታው ያለው መሐል ላይ ነው። የጠየቀኝም ዕቃ ከጣት የማትበልጥ ካቻቢቴ ነበረች።

እኔ ግን የመሣሪያ ሣጥኔን ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ነበርኩ። «አትነካካው፣ ትሰብረዋለህ» አልኩት። ቀጥዬም በባለሙያ ድምፅ፣ «ጉልበት አንሶት ነው። ጉልበት ሲጨመርለት መሪውም ይታዘዛል» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። መኪናውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሰነፍ ብሆን ኖሮ ቁጭቴ በቀለለ። እኔ ግን ደከምኩለት፣ አወጣሁለት። ለቆርቆሮ ካጠራቀምኩት 3 ሺህ ብር አንስቼ ወደ መርካቶ ለሚወርድ ሹፌር ሰጠሁና የበረታ ሞተርና የበለጠ ባትሪ አስመጣሁ። ሌሊት ስታኞ እያቀለጥኩ ሽቦ ቀጠልኩ። ግቢያችን ውስጥ ስንለቀው መኪናው እንደ ጥይት ተወረወረ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። ልጁ ብቻ አላጨበጨበም። የፊት ጎማዎቹን እያየ ነበር። የሚሸከመው ሣጥኑንና ዕቃውን ብቻ አልነበረም፤ አዲሱ ባትሪ ከበፊቱ ከባድ ስለሆነ ወደ ፊት አስጠግቼ አስሬው ነበር። የደከመው መሪ ላይ ሸክም ጨመርኩበት።

ፈተናው የተደረገው ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው በኩል ባለ ግጦሽ ላይ ነው። ቡሄ ካለፈ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ እረኞቹ ግን ጅራፋቸውን አልጣሉም፣ ከየኮረብታው ይጮኻል። የጉና ጉም ወርዶ መሬቱን ሸፍኖታል። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ሣሩ ሥር ያለው አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ጋፋት ለደብረ ታቦር ሰው ተራ ስም አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሆልንና ሌሎችንም አውሮፓውያን ባለእጆች ያሰፈሩበት ነው። ባለእጅ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ በሚሸሽበት ዘመን ንጉሡ ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ወዳጃቸው አደረጉ። ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከነዚያ ሰዎች እጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ከማቅለጡ የከበደ ነበር፤ ይህን ግዙፍ ብረት መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ ወዴትና እንዴት ይመሩታል? በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላ፣ በጅዳ ገደል፣ በደላንታ፣ በበሽሎ አድርገው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሠረገላውን በጠፍር ይጎትታሉ። ዳገት ላይ ከፊት የሚስብ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከኋላ የሚይዝና የሚያቀና ከሌለ ክብደቱ ራሱ ገደል ይከተዋል። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሠርተዋል። ያን ሁሉ ወር የበላው መንገዱን መሥራትና መድፉን መሳብና ማቅናት ነው።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የአገሬ ልጅ የለም። እኔም አውቀዋለሁ። ያን ቀን በዚያው መሬት ላይ ቆሜ ግን ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ አዲሱ ሞተሬ ብቻ ነው።

መምህራኑ 60 እርምጃ የሚሆን ዳገታማ የእግር መንገድ መርጠው በእንጨት ምልክት አድርገውበታል። ሦስት ቦታ ይታጠፋል። በግራ በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ልጁ ግማሽ ኪሎ ስኳር በፌስታል አስሮ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ሪሞቱን ያዘ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ሰፊ ስለነበር አለፈ። ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ የእንቁላል ያህል ድንጋይ አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ወጥቷል። ልጁ መሪውን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞረ። የፊት ጎማዎቹ ሲጀምሩ አየኋቸው። ትንሽ ዞሩ። ከዚያ ድንጋዩ ነካቸውና ሰው እንደገፋቸው ተመልሰው ቀጥ አሉ። ሞተሩ ግን አልቆመም፤ እኔ የገዛሁት ያ ብርቱ ሞተር ቀጥ ብሎ ገፋ። መኪናው ጠርዙን አልፎ ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ።

ሁለተኛ ዕድል ተሰጠው። በዝግታ ሊወስደው ሞከረ፤ ሞተሩ ለዝግታ አልተሠራምና ተንደረደረበት። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ድንጋይ፣ እዚያው ቦይ። በዚህኛው ፌስታሉ ተቀደደ። ልጁ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ስኳሩን ከጭቃው ለመለየት በእፍኙ ሲያፍስ አየሁት። የአያቱ ስኳር ነው፤ ያለው እሱ ብቻ ነው።

አንዱ መምህር አጠገቡ ሄዶ ጎንበስ አለ። ደግ ሰው ይመስላል። «ችግሩ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀው።

ይህች ጥያቄ ፈተናው ራሷ ነበረች። ለካ ሰዎቹ ወድቆ የሚያስብ ልጅ ነው የሚፈልጉት። መልሱን ልጁ ያውቀዋል፤ ከ3 ሳምንት በፊት ለእኔ ነግሮኛል። አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «የላላ ነገር አለ ብዬ ነበር» ቢል አጎቱ በሰው ፊት ሊዋረድ ነው። ያሳደግነው በይሉኝታ ነው። አፉን ዘጋ። «እኔ እንጃ» አለ። መምህሩ ትንሽ ጠበቀው፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደ። እኔ በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመድ ነበረብኝ። «ልጁ ያውቀዋል፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እግሬ አልተንቀሳቀሰም።

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ሱቄን ከፍቼ ገባሁ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣሁ፣ መኪናውን በጀርባው አስተኛሁት። አራት ቡሎን ፈትቼ የፊተኛውን ክዳን አነሣሁ።

መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ የሚባል ትንሽ ሞተር ነው። ጥርሶቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ግጭቱ በቀጥታ ቢደርሳቸው ይረግፋሉ። ለዚህ ሲባል ከሰርቮውና ከጎማው መሐል ሰርቮ ሴቨር የሚሉት ነገር ይገባል፤ ሁለት ቁራጭ በሞላ ተጫጭነው የሚቆሙበት ማለት ነው። ግጭቱ ከባድ ሲሆን ሞላው ይሸሻል፣ ጥርሱ ይተርፋል፣ ከዚያ ሞላው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞላው የሚጠብቀው በአንዲት ዳዶ ነው። የእኛ መኪና ውስጥ ያለችው ዳዶ ላልታ ነበር። በአውራ ጣቴ ጎማውን ገፋሁት፤ ያለምንም ድካም ሄደ፣ ሰርቮው ግን ንቅንቅ አላለም። ከድንጋዩ ግጭት ሊሸሽ የተሠራው ሞላ ከአፈሩም ከሣሩም ይሸሽ ኖሯል።

ዳዶዋን ያዝኳት። ግማሽ ዙር። ከዚያ በላይ አልሄደችም። እንደገና ጎማውን በአውራ ጣቴ ገፋሁት። እንደ አለት ቆመ።

ግማሽ ዙር! አዲስ ሞተር አያሻውም፣ 3 ሺህ ብር አያሻውም፣ መርካቶም መሄድ አያሻውም። ለ14 ዓመት ልጅ ካቻቢቴዋን ብሰጠው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ስንቴ ለሰው ተርቻለሁ? አባቴ በየማለዳው ቁጢጥ ብሎ የሚነቀንቀው ወገል እኮ ይኸው ነው። እኔ ወገሉን ትቼ በሬ ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ጎህ ቀደደ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስለዚህች ነገር ያልተማርኩት የለም። ልጁን ባይጠቅምም ሌላ ልጅ ያለው ሰው ይስማኝ።

መሪው የሚለግም መኪና ያለው ሰው ኪሱን ከመፈተሹ በፊት መኪናውን ከፍ አድርጎ ይያዘው። ጎማዎቹ በአየር ላይም እስከ ጥግ ካልዞሩ ነገሩ የጉልበት አይደለም። ወይ ሪሞቱ ላይ የመዞሪያውን መጠን የሚቀንሰው ቁልፍ ዝቅ ብሏል፣ ወይ የሰርቮው ክንድ ሲገጠም ተዛንፏል፣ ወይ የሆነ ቦታ ታንቋል። በአየር ላይ ዞረው መሬት ላይ ካቃታቸው፣ መኪናውን አስቀምጦ የፊት ጎማዎቹን በእጁ ጭምቅ አድርጎ ይያዝና ሌላ ሰው መሪውን ያዙር። ዓይኑን የሰርቮው ክንድ ላይ ይትከል። ክንዱ እየዞረ ጎማው ካልዞረ ሞላው ላልቷል፤ ዳዶዋን ማጥበቅ፣ ካልሆነም ጠንካራ ሞላ መቀየር ነው። ክንዱ ራሱ ካልዞረ ሰርቮው ደክሟል ወይም የሚመገበው ኤሌክትሪክ አንሶታል። ጎማው በባዶው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ መገናኛዎቹ ተበልተዋል፤ ቀጭን ራንዴላ ጣል ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

የሰርቮ ጉልበት የሚለካው በኪሎግራም ሴንቲሜትር ነው። 3 ከሆነ፣ ከመዞሪያው ማዕከል 1 ሴንቲሜትር ርቆ 3 ኪሎ መግፋት ይችላል ማለት ነው። ክንዱን ወደ 2 ሴንቲሜትር ብናስረዝመው የሚቀረው 1.5 ኪሎ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክንድ ማሳጠር ራሱ ጉልበት መጨመር ነው። ተማሪዎች ሮቦት ሲሠሩ የሚያዘወትሩት ኤምጂ996አር የሚባለው ባለብረት ጥርስ ሰርቮ፣ አምራቹ እንደሚለው፣ በ4.8 ቮልት 9.4፣ በ6 ቮልት ደግሞ 11 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ይገፋል። ሲታነቅ ግን እስከ 2.5 አምፒር ይስባል። መጋቢው ደካማ ከሆነ ቮልቱ ይወርድና መቀበያው ራሱ ለቅጽበት ይጠፋል፤ መኪናው ያለ መሪ ይቀራል። ሰርቮ የሚቀይር መጋቢውንም ይይ።

የሞተር ጉልበት መጨመር ደግሞ እንደኔ ያለውን ሰው የሚያታልል ነገር ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ በኃይል ሲገፋ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሬት መንከሱን ይተዋል። ፍጥነት ሲጨምር ድንጋዩ የሚመታበት ኃይልም ይጨምራል። ስለዚህ ደካማ መሪ ላይ ብርቱ ሞተር መጫን ደካማውን ማጋለጥ ነው። ይህን ሁሉ የምናገረው አሁን ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ደግሞም ራሴን ላታልል አልፈልግም። የሚያንገበግበኝ የዳዶዋ ነገር ቢሆን ኖሮ በዚያችው ሌሊት አጥብቄያት ቁጭቴ ባለቀ። እኔን የሚበላኝ የተቆለፈው ሣጥን ነው። ልጁ የመጣው መሣሪያ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። «ታምነኛለህ ወይ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። እኔ ለሞተሩ 3 ሺህ ብር አመንኩት፤ ለእጁ ግን አንዲት ካቻቢቴ አላመንኩትም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይላሉ፤ እኔም ገራፊው ሆኜ ነው የምጮኸው።

አሁን ጋፋት በሄድኩ ቁጥር የማስበው ሌላ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። ባለእጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተከትለው ከአገር ወጡ። የጋፋት እሳት ጠፋ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ተጋድሟል፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሟል፣ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። ብረቱ ቀርቶልናል። ያቀለጠው እጅ ግን አልቀረልንም፤ የሚቀጥለውን የሚያቀልጥ እጅም አልተተካም። የእኔም መደርደሪያ እንዲሁ ነው። መኪናው አለ። አቧራውን እጠርግለታለሁ። ጎማው በአውራ ጣት ቢገፋ አይነቃነቅም። የሚነዳው ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነድቶት አያውቅም።

ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ተወው። ለምን ስለው «ጭንቅላቴ አይቀበልም» አለኝ። ጭንቅላቱ! ሁለት ሽቦ ገምዶ መሪ የሠራው ጭንቅላት፣ ሳይፈታው የላላውን ያወቀው ጭንቅላት አይቀበልም ተባለ። ዛሬ ወረታ ነው ያለው፤ ባጃጅ ይነዳል። ሥራ ክቡር ነው፣ እናቱንም ይረዳበታል፤ ባጃጅ መንዳቱን አልንቅም። አንድ ጊዜ ተሳፍሬበት ነበር። ከመነሣታችን በፊት ወረደ፣ የፊት ጎማውን በእግሩ ያዘና መሪውን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። ልክ እንደ አባቴ። የላላ ነገር እንደሌለ ሲያውቅ ተሳፍሮ አስነሣ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ፊቴን ወደ ፎገራ የሩዝ ማሳ አዞርኩ፣ እንባዬን እንዳያይብኝ።

ሣጥኔን አሁን አልቆልፍም። የሰፈር ልጆች ይመጣሉ፣ ይፈታሉ፣ ይሰብራሉ፣ ይጠግናሉ፤ አልከለክላቸውም። ባለፈው ፋሲካ እሱም ለበዓል መጥቶ ሱቄ ጎራ አለ። መኪናውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ካቻቢቴዋን ከጎኑ አኖርኩ። ላለፉት ዓመታት ሁሉ ይህን ቀን ነበር የምጠብቀው። «በል ፍታው፤ ያኔ የነገርከኝ ልክ ነበር» አልኩት።

ካቻቢቴዋን አነሣት። በጣቶቹ መሐል አንዴ አሽከረከራት። ጎማውን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ አልነቃነቅ ሲለው ገባው፣ ቀና ብሎ አየኝ። ቂም የለበትም ዓይኑ። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«አጥብቀኸዋል» አለኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ አድርገሃል ጋሼ።» ካቻቢቴዋን ካነሣበት ቦታ መልሶ አስቀመጣት። ሰዓቱን አየ። «ልሂድ እንግዲህ፤ ሰው እስከ ወረታ መናኸሪያ አድርሰኝ ብሎኛል።»

ወጥቶ ባጃጁን ሲያስነሣ ሰማሁት። ከማስነሣቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልሰማሁም፤ መሪውን እየነቀነቀ ይሆናል።